ጥሩንባና ማኅተም

ሲኒማ ራስ አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው፤ ሲኒማው ለሰፈሩ ስሙን አውርሶታል። ጣሊያን በ1928 አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ገበያውን ከአራዳ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወሰደው። መርካቶ የተባለው፣ ዙሪያውም አዲስ ከተማ የሆነው እንዲህ ነው።

እዚህ ጉራጌው፣ ዶርዜው፣ አማራው፣ ኦሮሞው ከየአገሩ መጥቶ ሰፈረ። ሰው ከዘመዱ ርቆ ቢሞት ማን ይቀብረዋል? መልሱ እድር ነበር። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፤ በየወሩ ይዋጣል፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ የሁሉም ነው። ሌሊት ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ ጥሩንባ ይነፋል፤ የእንቅልፍ ዓይኑን እያሸ የሚወጣው ጎረቤት ስም ሳይጠራ ወደ ድንኳኑ ዕቃ ያመራል። ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም አንዋር መስጊድ የሚሰግደውም ለቅሶ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣል።

ቀበሌ የመጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ ገባ። «የቀበሌ ቤት» የምንለው ያኔ ተወለደ። ቀበሌ ስኳር በኩፖን አደለ፣ ጠብም ዳኘ፤ በቀይ ሽብር ዘመን ግን እስር ቤትም ሆነ። የቀበሌን ክብ ማኅተም ሰዉ የሚፈራው በከንቱ አይደለም።

በአሜሪካ የናቫሆ ሕዝብ ዘንድም የአካባቢ አስተዳደሩ እንደ ቀበሌ ከላይ የተሰጠ ነበር። «ቻፕተር» ይሉታል፤ የመጀመሪያውን በ1927 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው የመንግሥት ሹም ነው፣ ዛሬ 110 ደርሰዋል። እነሱ የተሰጣቸውን የራሳቸው ሸንጎ አደረጉት። እኛ ሸንጎውን እድር ቤት አስቀርተን ለቀበሌ ማኅተሙን የተውንለት ይመስለኛል።

ከቀይ ሽብር ዘመን ወዲህ ከቀበሌ በላይ የነበረው «ከፍተኛ» ቀርቶ ክፍለ ከተማ መጣ፣ ቀበሌውም ወረዳ ሆነ። አፍ ግን አልተለወጠም፤ ለመታወቂያ የሚወጣ ሰው ዛሬም «ቀበሌ ደርሼ ልምጣ» ነው የሚለው። ቤቱ ለልማት ፈርሶበት ኮንዶሚኒየም የገባውም ቢሆን የእድር መዋጮውን አላቋረጠም። በክፍያው እሑድ ከጀሞ በታክሲ ተሳፍሮ ይመጣል፣ ደብተሩን ያስፈርማል፣ ማን እንደታመመ ይጠይቃል፣ ቡናውን ጠጥቶ ይመለሳል።