ለአዲስ አማተር የሚሆን ርካሽ ራዲዮ፤ ከዳባትና ከደባርቅ ሆኖ ሲታይ

ስለ ራዲዮ በኢትዮጵያ የተጻፉ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ከአቃቂ ይጀምራሉ። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ1927 ዓ.ም. የተመረቀው የአቃቂ ጣቢያ አገሪቱ ከጣልያን ወረራ በፊት ድምፅዋን ለውጭው ዓለም ያሰማችበት ማሠራጫ ነበር። ሆኖም የትልልቅ ጣቢያዎች ነገር ብዙ የተነገረለት ስለ ሆነ፥ እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከዚያ በጣም ያነሰውን ጕዳይ ነው። ይኸውም አንድ ሰው የአማተር ራዲዮ ፈቃድ ባገኘ ጊዜ በጥቂት ገንዘብ የሚይዘው የመጀመሪያ ራዲዮ በየዘመኑ ምን ዓይነት እንደ ነበረ፥ ዛሬስ ከዳባት እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ባለው አገር የሚኖር ሰው የትኛውን ቢገዛ ገንዘቡ እንደማይባክን ነው።

አማተር የምንለው ለትርፍ ወይም ለደመወዝ ሳይሆን ለመማርና ለመሞከር ሲል፥ በመንግሥት ፈቃድና በተመደበለት መለያ ስም፥ ከሌሎች መሰሎቹ ጋር በራዲዮ የሚነጋገረውን ሰው ነው። ዜናም ዘፈንም አያሠራጭም። ለኢትዮጵያ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የተመደበው መነሻ «ኢቲ» ሲሆን፥ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከኤርትራ የሚሰሙት ጣቢያዎች «ኢቲ2»፥ ከቀረው የኢትዮጵያ ክፍል የሚሰሙት «ኢቲ3» እየተባሉ ይጠሩ ነበር። በውጭ አገር ስለ ሆኑ ነገሮች ስንናገር ዓመቱን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንሰጣለን።

የመጀመሪያዎቹ አማተሮች ራዲዮ አይገዙም ነበር፤ ራሳቸው ይሠሩ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የአሜሪካና የእንግሊዝ ጦር ከሚያስፈልገው በላይ የተረፈውን የራዲዮ ዕቃ በርካሽ ስለ ሸጠ፥ ከአውሮፕላን የወጣ መቀበያና መላኪያ የብዙ ወጣት የመጀመሪያ መሣሪያ ሆነ። በ1951 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት ለጀማሪ የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ አወጣ። ጀማሪው በአብዛኛው በሞርስ፥ ከ75 ዋት ባልበለጠ ኀይል፥ ሞገዱም በክሪስታል በተወሰነ መላኪያ እንዲሠራ የሚፈቅድ ነበር። ወዲያው ሂዝኪት የተባለው ኩባንያ ገዢው ራሱ በየቤቱ የሚበይደውን ትንሽ መላኪያ በ29 ዶላር ከ50 ሳንቲም ለገበያ አቀረበ። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ነገር አለ፤ ርካሹ ራዲዮ የመጣው ሕጉ ለጀማሪው በር ከከፈተለት በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም። ፋብሪካው የተከተለው ፈቃዱን ነው።

በእኛ አገር በዚያው ዘመን በአማተርነት የሚሰሙት በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ነበሩ። በአሥመራ ቃኘው ጣቢያ ያገለግሉ የነበሩ አሜሪካውያን «ኢቲ2ዩኤስ» በሚባል ስም የሚጠራ ክበብ ነበራቸው። በአዲስ አበባም እንዲሁ «ኢቲ3» የሚል መለያ የያዙ ጥቂት ጣቢያዎች ይሰሙ ነበር። ከጎንደር ወደ አሥመራ የሚወስደው መንገድ ዳባትንና ደባርቅን አቋርጦ የሚያልፍ ቢሆንም፥ ያ ሁሉ ንግግር ከስሜን ሰው ራስ በላይ የሚያልፍ ነገር ነበር።

ለስሜንና ለወገራ ሰው፥ በጠቅላላውም ለገጠሩ ሕዝብ የደረሰው ራዲዮ መቀበያው ነው። እዚህ ላይ ጥቂት መቈየት ይገባናል፤ የርካሽ ራዲዮ ጕዳይ ሁሉ የሚታየው ከዚህ ነውና። ከትራንዚስተር በፊት የነበረው ራዲዮ በቫልቭ የሚሠራ ስለ ነበር መብራት በሌለበት አገር ከባድና ውድ ባትሪ ይፈልግ ነበር። በ1949 እ.ኤ.አ. በሰሜን ሮዴዥያ፥ ማለት በዛሬዋ ዛምቢያ፥ የማስታወቂያ ሹም የነበረው ሃሪ ፍራንክሊን ለአፍሪካውያን ገበሬዎችና ሠራተኞች የሚሆን ርካሽ መቀበያ እንዲሠራ ኤቨር ሬዲ የተባለውን የባትሪ ኩባንያ አግባባ። የራዲዮው ገላ እጀታ የሌለው ድስት ነበረ፤ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ በአምስት ፓውንድ ይሸጥ ጀመር። ባትሪው ደግሞ አንድ ፓውንድ ከአምስት ሽልንግ ያወጣ ነበር፤ የሚያገለግለውም 300 ሰዓት ያኽል ነው። እንግዲህ እናስላው። አንድ ቤተ ሰብ በቀን ሦስት ሰዓት ቢያዳምጥ ባትሪው በመቶ ቀን ያልቃል። በዓመት ሦስት ባትሪ ከግማሽ በላይ ይፈጃል፤ ዋጋውም አራት ፓውንድ ተኩል ይሆናል። ስለዚህ የድስቱ ራዲዮ በየዓመቱ ራሱን የሚያኽል ዋጋ ይበላ ነበር ማለት ነው።

በ1954 እ.ኤ.አ. ሪጀንሲ የተባለው የኪስ ትራንዚስተር ራዲዮ በ49 ዶላር ከ95 ሳንቲም በአሜሪካ ሲወጣ ዋጋው ርካሽ የሚባል አልነበረም። ለውጡ ያለው ከባትሪው ላይ ነው። ቫልቭ እየጋለ የሚበላውን ኀይል ትራንዚስተሩ ስለማይፈልገው፥ ጃፓኖች ዋጋውን ባወረዱት ጊዜ ራዲዮ በጥቂት ድንጋይ የሚሠራ የቤት ዕቃ ሆነ። የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ በአዲስ አበባ ተመረቀ፤ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ዝግጅቱን ጀመረ። የሚሰማ ነገር በዛ ማለት ነው። ዳንቴል ለብሶ ከመደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ትራንዚስተር፥ ጎረቤት የሚሰበሰብበት፥ ድንጋዩ ሲደክም ከደጅ ፀሐይ ላይ የሚሰጣለት ዕቃ እንደ ነበረ ማስታወስ ለብዙ አንባብያን አያዳግትም። (ፀሐዩ ድንጋዩን በእውነት ይጠግነው እንደሆነ ከኬሚስትሪ ተማሪዎች ጋር ብንከራከር እንወዳለን፤ ሙቀት ለጥቂት ጊዜ ኀይል እንደሚያበረታለት ግን የታወቀ ነው።) አንድ ራዲዮ ለአንድ ሰፈር ይበቃ ነበር። ይህን ነጥብ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ዛሬው አማተር እንምጣ። ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባኦፌንግ የተባለው የቻይና የእጅ ራዲዮ በ30 ዶላር ገደማ ስለሚሸጥ፥ በብዙ አገር አዲስ ፈቃድ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው እርሱን ነው።  እኛ ግን በደባርቅ ለሚኖር ጀማሪ አንመክረውም። ምክንያታችን ከዋጋው ሳይሆን ከምድሩ የመጣ ነው። የእጅ ራዲዮው የሚሠራበት በጣም አጭር ሞገድ እንደ ዓይን እይታ ነው፤ ተራራ ከጋረደው አያልፍም። በከተማ የሚጠቅመው ከፍ ካለ ቦታ ላይ የተተከለ አስተላላፊ ጣቢያ ንግግሩን ተቀብሎ ስለሚያሻግርለት ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያኽል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከእርስዋ ወደ ሰሜን ጥቂት እንደ ሄዱ መሬቱ በወልቀፊት በኩል ወደ ሊማሊሞ ይናዳል፤ በስተ ምሥራቅ ደግሞ እስከ ራስ ደጀን ድረስ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚወጣው ተራራ ይቆማል። በመስከረም 1934 ዓ.ም. በኮሎኔል ጎኔላ የሚመራው የጣልያን ጦር እጁን እስኪሰጥ ድረስ፥ ያን መተላለፊያ የያዘ ሁሉ የጎንደርን መንገድ ይዘጋ ነበር። ለጦር በር የሆነው አፋፍ ለሞገድም ግድግዳ ነው። ከደባርቅ ወደ ዳባት፥ 25 ኪሎ ሜትር ያኽል፥ ደጋ ለደጋ ስለሆነ ሁለት ሰዎች ከፍ ያለ ቦታ መርጠው ቢቆሙ ይሰማሙ ይሆናል። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ግን ከንቱ ድካም ነው።

ተራራውን የሚያሻግረው ከላይ የሚመለሰው ሞገድ ነው። በ7 ሜጋ ኸርዝ፥ ማለት በ40 ሜትር ሞገድ፥ የተላከ ምልክት ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ቢወጣ ቀን ቀን ከአዮኖስፌር ተነጥቦ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ይወርዳል፤ ገደልም ሸለቆም አይከለክለውም። ስለዚህ ነገር ከኛ ኮሌጅ የሚነሣ ታሪክ አለ። የምድር መግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ፥ በ1957 እ.ኤ.አ. ለተጀመረው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አንድ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ፤ መሪውም ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን ነበሩ። በዚህ ወገብ አጠገብ ያለው የላይኛው አየር ከሌላው ዓለም የተለየ ጠባይ ያለው በመሆኑ፥ አንድ አማተር ከደባርቅ ሆኖ በየሰዓቱ የሚሰማውንና የማይሰማውን በደብተር ቢያሰፍር ራሱ የጥናት ምንጭ ይሆናል።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው ራዲዮ ሕንዳዊው አሽሃር ፋርሃን የነደፈው፥ ዝግጁ ሰሌዳው በ2017 እ.ኤ.አ. በ109 ዶላር መሸጥ የጀመረው ማይክሮቢትክስ ነው። ኀይሉ 10 ዋት ያኽል ሲሆን በድምፅም በሞርስም ይሠራል። አንቴናው ከሁለት አቅጣጫ የተወጠረ፥ እያንዳንዱ ክንፍ 10 ሜትር የሆነ ተራ ሽቦ ነው። በደባርቅ ዙሪያ የባሕር ዛፍ አጣና ስለማይጠፋ ለምሰሶ የሚወጣ ገንዘብ የለም፤ ለቅርብ ንግግርም ሽቦው ከአምስት ሜትር በላይ ባይሰቀል እንኳ ይሠራል። የድስቱን ራዲዮ ስሌት በዚህም ላይ እንድገመው። ሲያዳምጥ 0.2 አምፔር፥ ሲናገር ሁለት አምፔር ገደማ የሚወስድ መሣሪያ፥ ዐሥር ሰዓት ቢያዳምጥና ግማሽ ሰዓት ቢናገር የሚፈጀው ሦስት አምፔር ሰዓት ነው። 7 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ ይህን ሳይጎዳ ይችላል፤ በማግሥቱም አንዲት የፀሐይ ሰሌዳ ትሞላዋለች። ሰባ ዓመት ያኽል ፀሐይ ላይ የተሰጣው ድንጋይ ያላገኘውን ይህ ባትሪ አግኝቷል።

ይህ ሁሉ ሆኖ 109 ዶላር ለአንድ ተማሪ ብዙ ገንዘብ ነው፤ የጕምሩክና የማስገቢያ ፈቃድ ጣጣም አለበት። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በአገራችን የአማተር ድምፅ እጅግ ተመናምኖ ከቈየ በኋላ የቀጠለው በግለሰብ ቤት ሳይሆን በክበብ ነው። በአምስት ኪሎ የሚገኘው «ኢቲ3ኤኤ» የተባለው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ ተማሪዎች በአንድ መሣሪያ እየተፈራረቁ የሚለማመዱበት ነው። ቀደም ብለን የጠቀስነው፥ አንድ ትራንዚስተር ለሰፈሩ ሁሉ ይበቃ የነበረበት ልማድ እዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣል። በእኛ አስተያየት በስሜን ግርጌ የሚገዛው የመጀመሪያ ራዲዮ የአንድ ሰው መሆን የለበትም። በ2017 እ.ኤ.አ. በነበረው ዋጋ ዐሥራ አምስት ተማሪዎች ቢካፈሉት የአንዱ ድርሻ ከእጅ ራዲዮው ዋጋ ሩብ ያኽል ነው፤ በደባርቅ ደግሞ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አለ።

አንዳንድ ባልንጀሮቻችን 10 ዋት ከስሜን ተነሥቶ የት ይደርሳል ብለው ጠይቀውናል። የኢትዮጵያ ጣቢያ በአየር ላይ ከስንት አንዴ የሚሰማ ስለሆነ፥ «ኢቲ» የሚል ምልክት በተሰማ ጊዜ በአውሮፓም በጃፓንም ያሉ አማተሮች ትልልቅ አንቴናቸውን ወደዚህ አዙረው እርስ በርሳቸው እየተጋፉ ይጠራሉ። የእነርሱ አንቴና የእኛን ድካም ይሸፍንልናል። ዳባትንና ዛሪማን ለማግኘት ግን ሰዓት መምረጥ ያስፈልጋል። ከጥዋት እስከ ምሽት 40 ሜትሩ ይሠራል፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እስከ ንጋት አዮኖስፌሩ ስለሚሳሳ ምልክቱ ሳይመለስ ወደ ላይ ያመልጣል፤ በዚያን ጊዜ ወደ 80 ሜትር መውረድ ይገባል፤ ሽቦውም እጥፍ ይሆናል።