ለአማርኛ ጽሑፍ የሚመች ኪቦርድ እንዴት ይመረጣል?

ኪቦርድ ስንገዛ ብዙዎቻችን ዋጋውንና መልኩን አይተን እናበቃለን። ቀኑን ሙሉ አማርኛ የሚተይብ ሰው ግን ጣቱንና አንጓውንም ማሰብ አለበት።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ኪይማንን በመሳሰሉ መጻፊያዎች «ለ» ሁለት ቁልፍ ይፈልጋል፤ «ጠ» ደግሞ ሺፍትን ጨምሮ ሦስት። ስለዚህ ቁልፎቹ ሲነኩ የማይከብዱ፣ ሁለቱም ሺፍቶች ሰፋ ያሉና ለትንሿ ጣት ቅርብ ይሁኑ።

ከሥር ጎማ ያለው ኪቦርድ ርካሽና ድምፁ ዝቅ ያለ በመሆኑ ብዙ ሰው ለሚሠራበት ቢሮ ይስማማል። ሜካኒካል የሚባለው እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስፕሪንግ አለው፤ ዕድሜው ረጅም፣ ዋጋው ግን ውድ ነው። ፕሮግራም ለሚጽፉ የቅንፎቹና የኢንተር ቦታ የተለመደው መሆኑ ይጠቅማል። ለጌም ደግሞ በአንድ ጊዜ የተጫኑትን በርካታ ቁልፎች ሁሉ የሚቀበል ይምረጡ።

ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው ደብረ ማርቆስ ሆነው በመንገደኛ የሚያስመጡ ከሆነ መልሶ መቀየሩ አድካሚ ነው። ከተቻለ አስቀድመው ተመሳሳዩን በጓደኛ ኮምፒዩተር ላይ አንድ ገጽ ጽፈው ይሞክሩት።

ሲጠቀሙም ክርንዎና ኪቦርዱ እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ። አንጓዎ ወደ ላይ ከታጠፈ የኪቦርዱን የኋላ እግሮች ይጠፏቸው። ሕመም ከተሰማዎ ግን ኪቦርድ ከመለወጥዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ።