ተስኪጊ፦ ስሙ የማን ነው?

በአሜሪካ ደቡብ፣ በአላባማ ግዛት የምትገኘው ተስኪጊ የነዋሪዎቿ ቁጥር አስር ሺህ የማይሞላ ትንሽ ከተማ ናት። ስሟ ግን በዕድሜ ከከተማይቱ እጅግ ይበልጣል። (እዚህ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ስሙ በቀደመው አጠራሩ «ታስኪጊ»፣ ክሪክ ወይም ማስኮጊ እየተባለ የሚጠራው ሕዝብ ከነበሩት መንደሮች የአንዱ መጠሪያ ነበር። ብዙዎች ትርጉሙን «ተዋጊ» ከሚል ቃል ጋር ያያይዙታል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አካባቢው የዘለቁት ስፔናውያን ይህንኑ የሚመስል የመንደር ስም በጽሑፍ አስፍረዋል። በቴነሲ ምድር ደግሞ በቼሮኪዎች መካከል በዚሁ ስም የሚጠራ ሌላ መንደር ነበር፤ የቼሮኪን ፊደል የፈጠረው ሴኮያ የተወለደው እዚያ ነው። የሴኮያ ፊደል እንደ እኛው ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ያጣምራልና ይህን መንደር ሳላነሣ ማለፍ አልፈለግሁም።

በ1832 የክሪክ አለቆች ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ የቀራቸውን ምድር የሚያሳልፍ ውል እንዲፈርሙ ተደረገ። በዓመቱ ቶማስ ውድዋርድ የዛሬዋን ከተማ ቆረቆረ። ይህ ሰው በጄነራል ጃክሰን ጦር ውስጥ ሆኖ ክሪኮችን የወጋ ነው፤ ከተማዋ የተጠራችው ግን በእነርሱው መንደር ስም ነው። በ1836 ወታደሮች ሕዝቡን እየነዱ ዛሬ ኦክላሆማ ወደምትባለው ምድር አጋዙት። ተሰዳጆቹም ስማቸውን አልጣሉም፤ በደረሱበት አገር ታስኪጊ የተባለ መንደራቸውን መልሰው አቆሙ። አላባማ የቀረው ስም በባሪያ ጉልበት የሚያርሱ ጌቶች ከተማ መጠሪያ ሆነ።

ይህን ስም ዓለም እንዲያውቀው ያደረጉት ከባርነት የወጡ ሰዎች ናቸው። ሉዊስ አዳምስ ቆርቆሮና ቆዳ የሚሠራ የእጅ ባለሙያ ነበር። በ1880 አንድ የምክር ቤት ዕጩ የጥቁሮችን ድምፅ እንዲያሰባስብለት ሲጠይቀው፣ በምላሹ የጠየቀው ለራሱ አንዳች ነገር ሳይሆን ትምህርት ቤት ነው። ግዛቱ ለመምህራን ደመወዝ የሚውል 2,000 ዶላር በዓመት ፈቀደ፤ መሬትም ሕንፃም አልሰጠም። የ25 ዓመቱ ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ሐምሌ 4 ቀን 1881 አንዲት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለ ያረጀ ቤት ውስጥ 30 ተማሪዎች ይዞ ማስተማር ጀመረ። ቀጥሎ አንድ የተተወ የጌቶች እርሻ ተገዛ፤ ተማሪዎቹም የሚማሩበትን ሕንፃ ራሳቸው ያቆሙ ጀመር። ጡቡን ጠፍጥፈው ሲተኩሱ ሦስት ጊዜ ከሸፈባቸው። ዋሽንግተን የእጅ ሰዓቱን አስይዞ ገንዘብ ተበደረና አራተኛው ተሳካ። ዛሬ በብሔራዊ ቅርስነት ከሚጠበቁት የግቢው ሕንፃዎች ብዙዎቹ በተማሪ እጅ የተሠራውን ጡብ እንደለበሱ ቆመዋል። ከዚያች ከተማ ቅርስ ሁሉ እኔ የማስቀድመው ይህን ጡብ ነው።

ከዚሁ ግቢ ከወጡት አንዱ ጆን ሮቢንሰን ነው። ተስኪጊ የመኪና ጥገና ተምሮ በኋላ አብራሪ ሆነ፤ በ1935 አዲስ አበባ መጥቶ የኢትዮጵያን ትንሽ አየር ኃይል በጣሊያን ወረራ ጊዜ አዘዘ። ከነፃነት በኋላም ተመልሶ አብራሪዎችን አሠለጠነ። በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አልፎ አዲስ አበባ ተቀበረ። ትምህርት ቤቱ አቪዬሽን እንዲያስተምር አስቀድሞ ጠይቆ ነበር፤ በ1941 በአቅራቢያው ሞተን ፊልድ በተባለ የአውሮፕላን ማረፊያ የጥቁር ተዋጊ አብራሪዎች ሥልጠና ሲጀመር የተስኪጊ ስም ወደ ሰማይ ወጣ።

ቤታቸውን በዚህ ስም ሥር የሠሩት ሰዎች ግን በ1957 ከስሙ እንዲወጡ ተፈረደባቸው። የአላባማ ምክር ቤት አራት ማዕዘን የነበረውን የከተማዋን ወሰን ለውጦ 28 ጎን ያለው ቅርጽ አወጣለት። ለመምረጥ ከተመዘገቡት 400 ያህል ጥቁሮች ከአራት ወይም አምስት በቀር ሁሉም ከወሰኑ ውጪ ሆኑ፤ አንድም ነጭ መራጭ አልወጣም። ማንም ከቤቱ ሳይነሣ ከተማዋ ከሥሩ ተነሣች። ነዋሪዎቹ ከነጭ ነጋዴዎች መግዛት አቆሙ። የትምህርት ቤቱ መምህር ቻርልስ ጎሚሊየን ከባልደረቦቹ ጋር ከሰሰ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በኅዳር 1960 በአንድ ድምፅ ፈረደላቸው። በ1972 ከተማዋ የመጀመሪያውን ጥቁር ከንቲባ መረጠች።

በዚያው ዓመት የወጣው ጉድ ግን ስሙን እስከ ዛሬ ያቆስለዋል። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ከ1932 ጀምሮ በአካባቢው 600 ያህል ጥቁር ወንዶችን ሲከታተል ኖሯል፤ 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። «መጥፎ ደም» አለባችሁ እየተባሉ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም ሳይታከሙ ቀሩ። የትምህርት ቤቱ ሆስፒታል መተባበሩ አይካድም። ሆኖም ዕቅዱም ትእዛዙም የፌዴራል መንግሥቱ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ1997 ይቅርታ የጠየቁትም በመንግሥት ስም ነው። ሰው ሁሉ ግን «የተስኪጊ ጥናት» ይለዋል። የበዳዩ መሥሪያ ቤት ስም ተረስቶ የተበዳዮቹ አገር ስም ለበደሉ መጠሪያ መሆኑ ትልቅ ግፍ ነው። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ዛሬ ጥናቱን ሲጠራ የጤና አገልግሎቱን አስቀድሞ፣ ተስኪጊን የተካሄደበት ቦታ አድርጎ ይጽፋል። እኛም በአማርኛ ስንጽፍ «የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት በተስኪጊ ያካሄደው ጥናት» እንበለው።