ለፈረንሳይ ንጉሥ የተላከችው ቀጭኔ

ነገሥታት ወዳጅነትን ሲሹ ወርቅና ሐር እንደሚላላኩ ሁሉ አራዊትንም ሲላላኩ ኖረዋል። ከነዚህ ገጸ በረከቶች መካከል በ1827 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ፓሪስ የገባችውን ቀጭኔ ያህል ሕዝብን ያስደነቀ ጥቂት ነው፤ ከዚያ በፊት በፈረንሳይ ምድር ሕያው ቀጭኔ ታይቶ አያውቅም ነበርና።

ላኪው የግብፅ ገዥ መሐመድ ዓሊ ፓሻ ነበረ። በዚያን ዘመን ግሪኮች ከቱርክ አገዛዝ ለመውጣት ሲዋጉ የፓሻው ሠራዊት ቱርክን ለመርዳት ዘምቶ ስለ ነበረ፣ የአውሮፓ ሕዝብ ተቈጥቶበት ነበር። ስለዚህ በፈረንሳዩ ቆንስል በድሮቬቲ ምክር የንጉሥ ሻርል 10ኛን ልብ ታለዝብ ዘንድ፣ ከሀገራችን ጠረፍ ብዙም በማይርቀው በስናር አካባቢ የተያዘች ግልገል ቀጭኔ ተመረጠች። በዐባይ ላይ በጀልባ ወርዳ ከእስክንድርያ በመርከብ ተሳፈረች። አንገቷ ስለ ረዘመ የመርከቡ ወለል ተቀዶ በቀዳዳው ብቅ እንድትል ተደረገ። በኦክቶበር 1826 ማርሴይ ደርሳ ክረምቱን እዚያው አሳለፈች፤ ምግቧም ወተት በመሆኑ የሚታለቡ ላሞች አብረዋት ይኖሩ ነበር።

ወደ ፓሪስ በእግር እንድትሄድ በተወሰነ ጊዜ መሪ ሆኖ የተላከው ስመ ጥሩው ሊቅ ዤፍሯ ሴንት ኢሌር ነው። የ55 ዓመት ሰው፣ ያውም ሕመምተኛ ሲሆን፣ 880 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አጠገቧ ተጓዘ። ላሞቹ ይቀድማሉ፤ እርሷ ትከተላለች። ለዝናብ መከላከያ የሚሆን ልብስ ተሰፍቶላት ነበር። ሜይ 20 የተጀመረው ጉዞ ጁን 30 አለቀ።

ንጉሡ በእጁ የአበባ ቅጠል አጐረሳት። ሕዝቡም በዣርዳን ዴ ፕላንት ያያት ዘንድ በብዙ ሺሕ ጐረፈ፤ ሴቶቹ ጠጕራቸውን በስሟ ይሠሩ ጀመር። ነገር ግን ገና ያ ዓመት ሳያልቅ፣ ኦክቶበር 20 ቀን፣ የፈረንሳይ መርከቦች ከእንግሊዝና ከሩስያ ጋራ ሆነው የፓሻውን ባሕር ኃይል ከቱርኮቹ ጋራ በናቫሪኖ ደመሰሱት። ገጸ በረከቱ የታሰበለትን ጉዳይ አልፈጸመም። ንጉሡም ቢሆን በ1830 ዓ.ም. ዙፋኑን አጣ።

በእኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚታወስ ሰው አቲር የተባለው ሱዳናዊ ጠባቂዋ ነው። የትውልድ አገሩን ትቶ አብሯት መጣ፤ ፓሪስም ከራሷ ትይዩ በተሠራ ቆጥ ላይ እየተኛ፣ ሰውነቷን በየቀኑ እያበጠረ ዓመታት ኖረ። ወደ እንግሊዝ የተላከችው ሌላዋ ቀጭኔ በ1829 ዓ.ም. ስትሞት፣ የአቲር ቀጭኔ እስከ 1845 ዓ.ም. ቈየች። ገላዋ በጥበብ ተሞልቶ በላ ሮሼል ከተማ ሙዚየም በደረጃው ላይ ቆሞ ይታያል።