ኳስ የማያዩ ሰዎች ገንዘብ

ሴፕቴምበር 7 ቀን 1979 ምሽት ኮኔቲከት ግዛት ውስጥ ከምትገኘው ከብሪስቶል ከተማ ሥራ የጀመረው አዲስ የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ኢኤስፒኤን፣ በቀጥታ ያስተላለፈው የመጀመሪያ ጨዋታ የሶፍትቦል ግጥሚያ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከተጋጣሚዎቹ አንዱ ሚልዋኪ ሽሊትስ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከቢራ ጠማቂ ኩባንያ ነው። የጣቢያው ዋነኛ ማስታወቂያ አስነጋሪ ደግሞ የሽሊትስ ተቀናቃኝ፣ የበድዋይዘር ጠማቂው አንሃይዘር ቡሽ ነበር። ኢኤስፒኤን በዚያ ምሽት የሚያማርጥበት አቅም አልነበረውም። ታላላቆቹ ሊጎች ጨዋታቸውን ለነባሮቹ ጣቢያዎች ለኤቢሲ፣ ለሲቢኤስና ለኤንቢሲ ስለሸጡ አዲሱ ጣቢያ የተረፈውን ለቃቅሞ ነው የጀመረው።

መሥራቾቹ ቢል ራስሙሰንና ልጃቸው ስኮት ናቸው። አባትየው በ1978 ይሠሩበት ከነበረው የበረዶ ሆኪ ክለብ ተሰናብተው ሥራ ፈት ሆነው ነበር። የመጀመሪያ ሐሳባቸው የኮኔቲከትን ቡድኖች ጨዋታ በኬብል ለግዛቲቱ ነዋሪ ማሳየት ነበር። ስለ ሳተላይት ኪራይ ሲያጠያይቁ ግን ያልጠበቁትን ሰሙ። ሃያ አራቱን ሰዓት መከራየት በየምሽቱ ጥቂት ሰዓት ከመከራየት ይረክሳል፤ ሳተላይቱ ደግሞ ኮኔቲከትን ብቻ ሳይሆን መላ አገሪቱን ያዳርሳል። ቀን ከሌት ስፖርት ብቻ የሚያሳይ ጣቢያ የተወለደው ከዚህ ስሌት ነው። ገንዘቡን የሰጣቸው ጌቲ ኦይል የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ነበር፤ በምትኩም የጣቢያውን አብዛኛውን ድርሻ ወሰደ።

ኢኤስፒኤንን ሀብታም ያደረገው ግን ጨዋታው ሳይሆን የአከፋፈል ዘዴው ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የማስታወቂያ ገቢ ወጪውን አልሸፈነለትም። ስለዚህ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አዲስ ጥያቄ ይዞ ወደ ኬብል ኩባንያዎቹ ሄደ፦ ለእያንዳንዱ ደንበኛችሁ በየወሩ ጥቂት ሳንቲም ክፈሉኝ። ኩባንያዎቹ አጉረመረሙ፤ ደንበኞቻቸው ጣቢያውን ስለወደዱት ግን ከፈሉ። አሜሪካዊ ኬብል ሲያስገባ ጣቢያዎቹን የሚያገኘው በጥቅል ነው። ዜና ብቻ የምትከታተለው አሮጊትም፣ ለልጆቹ ካርቱን የሚፈልገው አባትም፣ ምግብ አሠራር የምታየው ወጣትም ሳያውቁት የኢኤስፒኤንን ድርሻ ይከፍሉ ነበር። እንደ እድር መዋጮ ነው፤ ልዩነቱ፣ እድርተኛ የሚከፍለው አንድ ቀን እድሩ ደጁ እንደሚቆም አውቆ ሲሆን የኬብል ደንበኛው ግን ጨርሶ ለማያየው ጨዋታ ያዋጣ ነበር።

በዚያ መዋጮ ጣቢያው አደገ። በ1987 የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታዎቹን ለኬብል ጣቢያ ሲሸጥ ገዢው ኢኤስፒኤን ሆነ። በ1996 ዲዝኒ የኢኤስፒኤንን ባለቤት ካፒታል ሲቲስ ኤቢሲን በ19 ቢሊዮን ዶላር ሲጠቀልል ከግዢው ሁሉ የላቀው ሀብት ይኸው የብሪስቶል ጣቢያ ነበር። ስልክ ውጤት ማሳየት ከመጀመሩ በፊት የሌሊቱን ጨዋታ ውጤት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የጣቢያውን የውጤት ፕሮግራም ስፖርትስሴንተርን ይጠብቅ ነበር፤ ሌሊት ያመለጠው ጠዋት ቡናውን እየጠጣ ድጋሚውን ያይ ነበር። ይህ ፕሮግራም በሴፕቴምበር 2012 ሃምሳ ሺህኛ ስርጭቱን አከበረ። በ2011 ገደማ ኢኤስፒኤን 100 ሚሊዮን ያህል ቤቶች ገብቶ ነበር። በ2010ዎቹ አጋማሽ ከእያንዳንዱ ቤት በወር ከ6 ዶላር በላይ ያገኝ ነበር፤ አብዛኞቹ የኬብል ጣቢያዎች ግን አንድ ዶላር እንኳ አይደርሳቸውም ነበር።

ስንጥቁ በይፋ የታየው በኦገስት 2015 ነው። የዲዝኒው ኃላፊ ቦብ አይገር ኢኤስፒኤን የተወሰኑ ደንበኞች እንዳጣ ለባለሀብቶች ሲያምኑ የኩባንያው አክሲዮን በማግስቱ 9 በመቶ ገደማ ወረደ። የሌሎቹም የሚዲያ ኩባንያዎች አክሲዮን አብሮ ተንሸራተተ። መጀመሪያ ኬብሉን የቆረጡት ስፖርት የማያዩት ነበሩ። ፊልሙንም ተከታታይ ድራማውንም ከኔትፍሊክስ ሲያገኙ ለማያዩት ኳስ የሚከፍሉበት ምክንያት አልቀረም። ጣቢያው ሳያዩት የሚከፍሉትን ደንበኞች ያጣው ለዚህ ነው።

ወጪው ግን አልቀነሰም። ኢኤስፒኤን በ2011 የሰኞ ምሽቱን የኤንኤፍኤል ጨዋታ ለስምንት ዓመት ለማራዘም 15.2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሊከፍል ተዋውሎ ነበር። በ2014 ደግሞ ከቴሌቪዥን ኩባንያው ከተርነር ጋር ሆኖ ለኤንቢኤ ቅርጫት ኳስ የዘጠኝ ዓመት የ24 ቢሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ውሉ ሲፈረም የታሰበው የደንበኛ ቁጥር በየዓመቱ እየተመናመነ ሄደ። ጫናው የወረደው በሠራተኛው ላይ ነው፦ በ2015 ወደ 300 ሰዎች፣ በኤፕሪል 2017 ደግሞ ተመልካች ፊታቸውን የለመዳቸውን ጋዜጠኞች ጨምሮ ወደ 100 የሚሆኑ ተሰናበቱ።

ከሁሉ የከፋው ውድቀት የደረሰው የየክልሉን ቡድኖች ጨዋታ በሚያሳዩ ጣቢያዎች ላይ ነው። ዲዝኒ የፎክስን ንብረት ሲገዛ የፌዴራሉ መንግሥት የክልል ስፖርት ጣቢያዎቹን እንዲሸጥ አስገደደው። በ2019 ሲንክሌር የተባለው ኩባንያ 21ዱን በ10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ አብዛኛውን በብድር፣ ገዛ። ጣቢያዎቹን ያስተዳድር የነበረው ዳይመንድ ስፖርትስ በማርች 2023 ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክሞ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

ይህ በሳንዲያጎ ምን እንዳስከተለ ማየት ይበቃል። ዳይመንድ ለፓድሬስ ቤዝቦል ቡድን መክፈል የነበረበትን ሳይከፍል ቀነ ገደቡ ሜይ 30 አለፈ። በማግስቱ ቡድኑ ማያሚ ላይ ሲጫወት ምስሉን ያስተላለፈው ራሱ የቤዝቦል ሊጉ ነበር። ደጋፊው የለመዳቸው የጨዋታ ዘጋቢዎች ድምፅ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጨዋታው የሚገኝበት መንገድ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ኒው ዮርክ የሚኖር የፓድሬስ ደጋፊ የሊጉን የኢንተርኔት አገልግሎት ገዝቶ ቡድኑን ያያል፤ እዚያው ሳንዲያጎ የሚኖረው ግን በጣቢያው የክልል መብት ምክንያት ያው አገልግሎት ተዘግቶበት ኬብል ለማስገባት ይገደድ ነበር። የጣቢያው መውደቅ ያን በር ከፈተለት፤ በወር 19.99 ዶላር ከፍሎ የከተማውን ቡድን ማየት ቻለ።

በዚያው ዓመት ኦገስት መጨረሻ የዩኤስ ኦፕን ቴኒስና የኮሌጆች የአሜሪካ እግር ኳስ በሚተላለፍበት ምሽት ኢኤስፒኤን 15 ሚሊዮን ከሚጠጉ የኬብል ኩባንያው የቻርተር ደንበኞች ቴሌቪዥን ጠፋ። ቻርተር የዲዝኒን የክፍያ ጥያቄ አልቀበልም ብሎ ነበር፤ ለባለሀብቶቹም የቆየው የኬብል አሠራር እንዳበቃለት በግልጽ ተናገረ። የተስማሙት ከአሥር ቀን በላይ ቆይተው፣ የወቅቱ የመጀመሪያ የሰኞ ምሽት የኤንኤፍኤል ጨዋታ ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት ነው። በውሉ መሠረት በርካታ የዲዝኒ ትናንሽ ጣቢያዎች ከጥቅሉ ወጡ።

ኦገስት 21 ቀን 2025 ኢኤስፒኤን ኬብል ሳያስፈልግ በወር 29.99 ዶላር የሚገኝ መተግበሪያውን ከፈተ። በዚህ መንገድ የሚከፍለው ኳሱን የሚፈልገው ብቻ ነው፤ ፍትሐዊም ነው። ሸክሙ ግን ወደ ደጋፊው ትከሻ እየዞረ ነው። የሐሙስ ምሽቱ የኤንኤፍኤል ጨዋታ ከ2022 ጀምሮ በአማዞን ነው፤ በ2024 የገና ዕለት ጨዋታዎቹ በኔትፍሊክስ ታዩ፤ ከአካባቢ ውጭ ያሉት የእሑድ ጨዋታዎች ጥቅል ከ2023 ጀምሮ በዩቲዩብ ይሸጣል። በጥቅሉ ዘመን ጣቢያ ሲቀያይር ባጋጣሚ ጨዋታ ላይ ቆሞ ደጋፊ የሆነ ብዙ ልጅ ነበር። ወላጆቹ ለዚህ ሁሉ የማይከፍሉለት ልጅ ግን ከስፖርት ጋር የሚገናኝበት አጋጣሚ ጠቧል፤ በዚህ ለውጥ ከታጣው ሁሉ ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው ይህ ነው።

ጉዳቱን ቀድመው የተረዱ ቡድኖች አሉ። የኤንቢኤው ቡድን ፊኒክስ ሰንስ በ2023 ዳይመንድን ትቶ ጨዋታዎቹን በአንቴና በነጻ ለሚታዩ ጣቢያዎች ሰጠ፤ ሌላው የኤንቢኤ ቡድን ዩታ ጃዝም ጨዋታዎቹን በአንቴና በነጻ ወደሚታይ ጣቢያ ወሰደ። ሰንስ አንቴና ለሌላቸው ደጋፊዎቹ አንቴና በነጻ አደለ። ከክልል ጣቢያ የሚገኘውን የተረጋገጠ ገንዘብ መተው ቀላል ውሳኔ አልነበረም። በፊኒክስና በአካባቢዋ ግን ኬብልም ኢንተርኔትም የሌለው ቤተሰብ የከተማውን ቡድን ያለ ወርኃዊ ክፍያ ማየት ጀመረ።