በዛብህን ከሞት የመለሰችው ልጅ

የእህቴ ልጅ 15 ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ፔታህ ቲክቫ ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ ትናገራለች፤ ስትጽፍ ግን በዕብራይስጥ ነው። ባለፈው ክረምት ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከዩቲዩብ ከፍተን ማታ ማታ ስንሰማ ከረምን። ያለቀ ዕለት ምንም ሳትናገር ተነሥታ ሄደች። በሦስተኛው ቀን መጥታ፣ «አጎቴ፣ እኔ በዛብህን አልገድለውም» አለችኝ። የራሷን መጨረሻ ጀምራለች።

ፈረንጆቹ ይህን ፋን ፊክሽን ይሉታል። አንባቢ የወደደውን ሰው ከደራሲው ተውሶ አዲስ ታሪክ ውስጥ ያስገባዋል፤ ገንዘብ አይጠየቅበትም። እንዲህ ያሉ ጽሑፎች የሚከማቹበት «አርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን» የተባለው ድረ ገጽ በ2019 እ.ኤ.አ. ሁጎ የተባለውን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲሸለም ብዙ ሰው ገርሞት ነበር። እኔን ግን ነገሩ አዲስ ነው መባሉ ነው የሚገርመኝ።

የምንኖርባት ከተማ ስም ራሱ ውሰት ነው። ፔታህ ቲክቫ ማለት «የተስፋ በር» ሲሆን ቃሉ የተወሰደው ከትንቢተ ሆሴዕ ምዕራፍ 2 ነው። ነቢዩ የሚናገረው ግን በኢያሪኮ አቅራቢያ ስላለው ስለ አኮር ሸለቆ ነው። መሥራቾቹ መጀመሪያ መሬት ሊገዙ ያሰቡት እዚያው ነበር። የቱርክ መንግሥት ከለከላቸው። በ1878 እ.ኤ.አ. ያርኮን ወንዝ አጠገብ ሌላ መሬት ሲያገኙ ስሙን ይዘውት መጡ። ወባው አላስቀምጥ ብሎ ካባረራቸው በኋላ ነው ተመልሰው የጸኑት። ዮራም ታሃርሌቭ ይህንኑ ታሪክ ግጥም አድርጎት አሪክ አይንሽታይን ዘፈነው፤ እዚያ ዘፈን ውስጥ ከመሥራቾቹ አንዱ ዮኤል ሞሼ ሰሎሞን ክንፍ ያበቅላል። ይሄ ከፋን ፊክሽን በምን ይለያል? የከተማው ልጅ ሁሉ ዘፈኑን ያውቀዋል። ሽታምፕፈር፣ ጉትማንና ባርኔት ማን እንደነበሩ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

እነዚህን የተረሱትን መሥራቾች ፈልጎ ማግኘት የሚፈልግ ሰው የዳቪድ ቲድሃርን ኢንሳይክሎፒዲያ ይክፈት። ከ1947 እስከ 1971 እ.ኤ.አ. በ19 ቅጽ የታተመ የአገር መሥራቾች መዝገብ ነው፤ ዛሬ ሙሉው በኢንተርኔት በነጻ ይነበባል። ደስ የሚለኝ የሰውየው የራሱ ታሪክ ነው። ቲድሃር በእንግሊዝ ዘመን ፖሊስ ነበር፣ ኋላ ቴል አቪቭ ላይ የግል መርማሪ ሆነ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሽሎሞ ቤን እስራኤል የተባለ ጸሐፊ በርካሽ በሚሸጡ ትናንሽ መጻሕፍት ውስጥ የወንጀል ጀግና አደረገው፤ ሰውየው በሕይወት ቁጭ ብሎ ሳለ! በሰው ብዕር ልብ ወለድ የሆነ ሰው ነው እንግዲህ ቀሪ ዕድሜውን እውነተኛ ሰዎችን በመመዝገብ የጨረሰው። ከዚያ በኋላም በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ፈቃድ ያልተጠየቀባቸው የታርዛን መጻሕፍት በዕብራይስጥ እየተጻፉ ይቸበቸቡ ነበር።

ወደ እኛ ስንመጣ ደግሞ ክብረ ነገሥት አለ። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 የሳባ ንግሥት ታሪክ 13 ቁጥር ብቻ ነው፤ ጠይቃ፣ ተደንቃ፣ ስጦታዋን ይዛ ወደ አገሯ ትመለሳለች። በ14ኛው መቶ ዘመን የአክሱሙ ይስሐቅና ጓደኞቹ ያቀረቡልን መጽሐፍ 117 ምዕራፍ ነው። ልጅ ተወልዶበታል፣ ታቦት መጥቶበታል። ይህን ስል የሚቆጡኝ እንዳሉ አውቃለሁ። ማሳነሴ ግን አይደለም፤ አጭር ታሪክ ሲያነቡ «ከዚያስ?» ማለት የአባቶቻችን ጠባይ እንደሆነ መናገሬ ነው።

ልጅቷ መጻፍ በጀመረች በሳምንቷ ጥያቄ ይዛ መጣች። «ጉዱ ካሣ ረቡዕ ምሳ ምን ይበላል?» ሥጋ አብልታው ኖሯል። አያቷ ከሶፋው ላይ ሆነው፣ «ኧረ በስመ አብ የሚል ሰው ረቡዕ ሥጋ ይበላል እንዴ! ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶቻችን እኮ ነበሩ፤ ጠላ እንኳ ሳይቀምሱ ነበር የሚውሉት» አሏት። እሷም ሰረዘችው። እኔ ደግሞ፣ «ወሩ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ስለዚህ የዚያ ዓመት ፋሲካ መቼ እንደዋለ መታወቅ አለበት። ቀንን ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው የሚለውጡና በባሕረ ሐሳብ በዓላትን የሚያወጡ ነጻ ገጾች አሉ፤ ዓመቱን ሲሰጧቸው ወዲያው ይመልሳሉ። ድሮ ይህን ለማወቅ መሪጌታ ፍለጋ መሄድ ግድ ነበር። የኛው ዓመት ከአውሮፓው በ7 ወይም በ8 እንደሚያንስ የማያውቅ ጸሐፊ ደግሞ ሰውን ሳይወለድ ሊድረው ይችላል። ሥጋው ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ገበታው ተመለሰ።

ቀጥሎ የመጣው የዕለት ኑሮ ጥያቄ ነበር፦ ልብሱ፣ የበቅሎው ዕቃ፣ የቤቱ አሠራር። ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ የጄምስ ብሩስ የ1790 እ.ኤ.አ. የጉዞ መጽሐፍና የማንስፊልድ ፓርኪንስ የ1853 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ እንዳሉ ይገኛሉ። ፓርኪንስ አገር ለብሶ፣ አገር በልቶ የኖረ ሰው ስለሆነ ዝርዝሩ ሀብት ነው። ግን የኖረው በአብዛኛው ትግራይ ነው። ብሩስ ግሽ ዓባይ ድረስ ሄዷል፤ እሱ ያየው ጎጃም ግን በልብ ወለዱ ካሉት ከእነ ፊታውራሪ መሸሻ ዘመን ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። አንዱን ከሌላው ደባልቆ «የድሮ ኢትዮጵያ» ብሎ መጻፍ የሰነፍ ሥራ ነው። እንደ እኔ ከሆነ ለጎጃም ወግና ሥርዓት ከሁለቱም ይልቅ ራሱ ሐዲስ ይሻላል።

የብራና መጻሕፍት ለሚፈልግ ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የያዘው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለ የጥናት መረብ አለ፤ ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየም ደግሞ በማይክሮፊልም የተነሡትን ይዟል። እዚሁ ቅርባችን ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የያዕቆብ ፋይትሎቪች ስብስብ አለ። ብሪቲሽ ላይብረሪም ከመቅደላ የተወሰዱትን በኢንተርኔት ማሳየት ጀምሮ ነበር። በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. የኮምፒውተር ጥቃት ደረሰበትና ገጾቹ ለረጅም ጊዜ ጠፉ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 እ.ኤ.አ. ወደ ለንደን ደብዳቤ ልከው ከዚያው ከመቅደላ የተወሰደውን ክብረ ነገሥት አስመልሰዋል። እኛ ስክሪን ፊት ቁጭ ብለን «ገጹ አልተገኘም» የሚለውን ከማንበብ በቀር ለማን እንጻፍ?

ከሁሉም የሚበልጠው መሣሪያ መዝገበ ቃላት ነው፤ እሱም የተጸነሰው ሩቅ አይደለም። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስና ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዙን ሥራ የደከሙበት ኢየሩሳሌም ነው፤ ከፔታህ ቲክቫ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ። መምህሩ ሳይጨርሱ አረፉ፣ ተማሪውም መታተሙን ሳያዩ አረፉ። ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት፤ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ የራሳቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» አወጡ። ሦስት ሰው ተቀባብሎ የጨረሰው ሥራ ነው። ለድሮ ዘመን የሚጽፍ ሰው ሁለቱን መጻሕፍት ሳይከፍት «ኮርቻ»፣ «እርካብ»፣ «ዳባ» ብሎ ባይጽፍ እመርጣለሁ።

ችግሩ መክፈቱ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ ስልክ ሁሉ ይጽፈዋል። ፍለጋው ግን ፊደል በፊደል ነው የሚያየው። ልጅቷ «ጸሀይ» ብላ ፈልጋ ምንም አላገኘችም፤ «ፀሐይ» ስትል ገጹ ሞላ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ስለ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ልዩነት ያን ያህል የተቆጡት ለኮምፒውተር ብለው አልነበረም፤ ዛሬ ግን የሳቸውን አጻጻፍ የማያውቅ የሚፈልገውን ቃል ያጣዋል። ከኢንተርኔት ያወረድኩት የደስታ መዝገበ ቃላት ቅጂ ደግሞ የገጽ ፎቶ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ቃል ለማግኘት በጣታችን ስክሪኑን እየገፋን አንድ ማታ ሙሉ ስንፈልግ አመሸን፤ ቃሉ «ወዴላ» ነበር፣ የበቅሎውን ጓዝ ስትጽፍ ያስፈለጋት። በመጨረሻ አያቷ ከወጥ ቤት ሆነው ነገሯት።

በዛብህ አሁን ዓባይን ተሻግሯል፤ ሰብለ ወንጌልም ከበቅሎ ወርዳለች። የቀሩት 3 ምዕራፎች ናቸው። የአማርኛ ፊደል በፍጥነት የምትጽፉ ወጣቶች፣ እዚህም አዲስ አበባም ያላችሁ፣ ከደስታ መዝገበ ቃላት አንድ አንድ ገጽ ተከፋፍላችሁ ፊደሉን ሳትለውጡ ጻፉልን።