ቃል የሚያስከብር ቃል

ጃቫ እ.ኤ.አ. በ1995 ስትመጣ የገባችልን ቃል «አንዴ ጻፉ፣ የትም አሂዱ» የሚል ነበር። ፈተናው የመጣው ነጥብ ካላቸው ቁጥሮች ነው። የዚያን ጊዜ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች እነዚህን ቁጥሮች የሚያሰሉት በ80 ቢት ስለነበር፣ የጃቫን የ64 ቢት ሕግ በትክክል ማስከበር ፍጥነት ይበላ ነበር። ስለዚህ በ1998 ጃቫ 1.2 ሕጉን አላላችው፤ ያው ፕሮግራም እንደ ማሽኑ ዓይነት በጥቂቱ የተለያየ መልስ ቢሰጥ ተፈቀደ። የቀድሞው ሕግ እንዲጠበቅለት የፈለገ ሰው «ስትሪክትኤፍፒ» የምትል ቃል መጨመር ነበረበት።

ስንቶቻችን ጽፈናት እናውቃለን? ከነመኖሯስ የሰማን ስንቶቻችን ነን? ፕሮሰሰሮቹ ተሻሻሉና በ2021 ጃቫ 17 ጥብቁን ሕግ ለሁሉም መለሰች፤ ቃሏም ሥራ ፈታች። እኛን የገረመን ግን መካከሉ ነው፦ ለ23 ዓመት ገደማ ለሁላችንም የተገባው ቃል ሙሉ በሙሉ የተጠበቀው ለጠየቀ ብቻ ነበር።